ሲምሲም ማሊያ አይመልስም

ካሰች የታጠፉ ማሊያዎች በብብቷ ይዛ የሩፊዳን የቆርቆሮ በር ስታንኳኳ፣ ከውስጥ ይሰማ የነበረው ጨዋታ ጸጥ አለ። በሩ ሥር የሩፊዳ ልጅ የኡመይር የኳስ ጫማ ተቀምጧል።

«ኡመይር የለም» አለች ሩፊዳ ብቅ ብላ።

«ጫማው ብቻውን ነው የመጣው?»

ሩፊዳ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «ምን ላድርግሽ ካሰች? ባለፈው ወር ከልምምድ ሲመለሱ የታገቱት ሁለቱ ልጆች እስካሁን ወሬያቸው የለም። ወላሂ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነው።»

ካሰች ከያዘቻቸው ማሊያዎች አንዱን መዝዛ ዘረጋችላት። የሲምሲምን እግር ኳስ ቡድን የመሠረቱት የሷ አባትና የሩፊዳ አማት ናቸው፤ አንዱ ከደጋ የወረደ ገበሬ፣ ሌላው ድንበር ተሻግሮ የሚነግድ። ሰሊጥን በዐረብኛ ስሙ ጠርተው ቡድኑን ሲምሲም ያሉት፣ ወዲህም ማዶም የሚታወቅ ቃል ስለሆነ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ማሊያዎች የካሰች እናት ከሰሊጥ ጆንያ ሰፍታ በጨዋታው ዕለት ጠዋት ቤት ለቤት አደለች። ከዚያ ወዲህ ማሊያውን ከካሰች ቤት ሴት እጅ ያልተቀበለ አይሰለፍም፤ የተቀበለም አይቀርም። «ሲምሲም ማሊያ አይመልስም» ይላል አገሬው።

ዛሬ ግን ከየደጁ እየተመለሰባት ነው። ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ካልተሰለፈ፣ ፈርሷል ተብሎ ሜዳው ለመጋዘን ይሰጣል። ለመሰለፍ ቢያንስ ሰባት ሰው ያስፈልጋል፤ የተቀበሏት አምስት ብቻ ናቸው። ኡመይር ከገባ የሚቀረው የገዛ ልጇ ወንድማገኝ ነው።

«ያንቺ ተራ ሲደርስስ? ያንቺ ልጅ ይገባል?» አለች ሩፊዳ የሆዷን ያወቀች ይመስል።

«በረኛ የሌለው ቡድን አለ እንዴ?»

«በማርያም በይ።»

«በማርያም።»

ሩፊዳ ማሊያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። «ልጅሽ ከቆመበት የኔም ይቁም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ወንድማገኝ ቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር ደረሰች።

«ስንት ሰው ተቀበለሽ እማ?»

«ስድስት።»

«ከኔ ጋር ሰባት! ሜዳችን ተረፈ በይኛ! በይ ማሊያዬን አምጪ።»

ወደ ጓሮ ዞረች። በዚህ ቆላ ፀሐይ ጨርቅ ተሰጥቶ ዞር ሳይሉ ይደርቃል፤ የበረኛው ማሊያ ከትናንት ጀምሮ ገመዱ ላይ ነው። አውርዳ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አባቷ በመጥረቢያ የመነጠረውን ሜዳ አሰበች። የሩፊዳን እጆች አሰበች፤ የማለችበትን ስም አሰበችና ፈራች። ከዚያ የታገቱት ልጆች እናቶች መጡባት፤ መኪና በቆመ ቁጥር እየሮጡ የሚወጡት።

«እማ፣ ረፈደ እኮ!»

ማሊያውን ከገመዱ ሥር ባለው ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፈቀችው።

«ገና አልደረቀም፣ ልጄ» አለች።