በዓሊዪ መብራት የተሰፋው ሙዳይ

የልጄ የናፊያ ዓይን ታሟል የተባለ ቀን ብዙ ነገር አሰብኩ፤ የአንጎል ዕጢ፣ ስኳር፣ ጨርሶ መታወር። እንዲህ ሳስብ ቤተሰቤ ይስቅብኛል፣ ልምዴ ነው። ወሬውን ያመጣችው ዋፊቃ ባትሆን ኖሮ ግን እንዲያ ባልተቃጠልኩ። ዋፊቃ የናፊያ እጮኛ የሪድዋን አክስት ናት። ሰው ገና ሳያስነጥስ የርሐሙከላህ የምትል ሴት ናት።

ለኒካሁ አምስት ሳምንት ሲቀረው ሦስት ሴቶች አስከትላ ጀጎል ቤታችን ድረስ መጣች፤ ሙሽራ ለአማቷ የምትሰጠውን ባለክዳን ሙዳይ ልታይ። ልማዱ ሙሽራዋ በእጇ እንድትሰፋው ነው። ዛሬ ግማሹ ሰው ከገበያ ገዝቶ ሰፋሁት ይላል፤ ዋፊቃ ራሷ በጊዜዋ ገዝታ እንደመጣች እናቷ ነግራኛለች። የእኔ ልጅ ግን ሰፋችው። ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ የምትሰፋው አመሻሽ ላይ ነው። የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብዬ፣ ወስፌዋን ባስቀመጠች ቁጥር ሙዳዩን በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ እከተው ነበር። እስኪያልቅ ድረስ በቀን ብርሃን ማንም አላየውም፣ እኔም ጭምር።

ዋፊቃ ነጠላውን ገለጠች። የታችኛው ግማሽ ሥዕል ይመስል ነበር። ከወገቡ በላይ ግን ቀይ መሆን ያለበት አበባ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ መሆን ያለበት ቅጠል ቀይ፣ አንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ ወጣ። ናፊያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይቺ ልጅ ቀይና አረንጓዴ አትለይም» አለች ዋፊቃ። ክፉ ነገር ስትናገር ድምፅዋ ይለሰልሳል።

በሦስት ቀን ውስጥ ከጀጎል አምስቱም በር ወሬው ወጥቶ ገባ። ዋፊቃ በስልኳ አንብባ፣ እንዲህ ያለው የዓይን ጉድለት ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚተላለፍ ደርሳበታለች። ለጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነችልን። መድኃኒት ቤት ስንቱን በተሳሳተ ክኒን ገድላ ይሆን ብላ እስከ መጠየቅ ደረሰች፤ ያ ነገር አሠሪዋ ጆሮ ቢገባ ልጄ ሥራዋንም ታጣለች። በመጨረሻ ከሪድዋን ቤት መልእክት መጣ፤ ነገሩ እስኪጣራ ኒካሁ ይቆይ የሚል። ሪድዋን ራሱስ? ሲደወልለት ያነሳል፣ አክስቴን እኮ ታውቂያታለሽ ይላል፣ ይዘጋል። የሰላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ነጠብጣብ ውስጥ የተደበቁ ቁጥሮች አስነበባት፤ አንዱንም አልሳተችም። ዋፊቃ ይህን ስትሰማ ሐኪሙ የእኔ፣ የዘይነባ፣ ዘመድ ነው አለች። ሰውዬውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኩትም፤ በሽታው የሚመጣና የሚሄድ ዓይነት ቢሆንስ ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም።

በማግስቱ ሙዳዩንም ልጄንም ይዤ አቦከር ሰፈር ወደ ጋሽ ጌታነህ ሄድኩ። ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ እኔን፣ በኋላ ናፊያን አስተምረዋል። አዲስ አበባ የዓይን ስፔሻሊስት የሆነ የወንድም ልጅ ስላላቸው እንዲያገናኙኝ ነበር ልለምናቸው የሄድኩት። እሳቸው ልመናዬን አልሰሙም። ሙዳዩን መስኮቱ ጋ ወስደው አገላበጡት።

«ከዚህ ከወገቡ በላይ ያለውን የት ሆነሽ ነው የሰፋሽው?» ብለው ናፊያን ጠየቋት።

የጎረቤታችን የዓሊዪ ሱቅ ደጃፍ፣ መብራቱ ሥር መሆኑን ነገረቻቸው። ዓሊዪ ከሁለት ወር በፊት ነጩን አምፖል አውርዶ፣ ከፈረሰ መጋዘን ግቢ ያገኘውን አሮጌ ቢጫ መብራት ሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ ቀለሙ ይጨላልምባት እንደነበር፣ ውኃ ውስጥ የተነከረውን ባለቀለም የስፌት ሣር፣ አክርማውን፣ በግምት ትመዝ እንደነበር ያን ጊዜ አወጣችው። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ብነግርሽ በዚያው ሌሊት አምቡላንስ ትጠሪ ነበር አለችኝ።

«ቤት ውስጥ ለምን አልሰፋሽም?»

ናፊያ ዞራ እኔን አየችኝ። ክረምት ላይ ግድግዳው ውኃ ሲያስገባ፣ እሳት ይነሣል ብዬ የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያልተነሣ እሳት ሸሽቼ ልጄን መንገድ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

«ዘይነባ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍሉን ትምህርት ምን አደረግሽው?» አሉ ጋሽ ጌታነህ።

«ወለድኩበት» አልኳቸው።

«ቤትሽ ስንት መደብ አለው?»

«እንደ ማንኛውም የሐረር ቤት አምስት ነዋ፣ አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ።»

«በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል፣ አየር ላይ የተቀመጠ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንም እንደዚያው ነው። የሚቀመጠው እርከኑ ላይ ብቻ ነው። ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ፣ የከፍታውን ልዩነት ብርሃን አድርጎ ይለቀዋል። ከፍታው ስለማይለወጥ ብርሃኑም አይለወጥም። ዓሊዪ የሰቀለው መብራት ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። የሶዲየም ዋናው አወራረድ አንድ ነው፣ እሱም ቢጫ ነው። ቀይ አክርማ ቀይ የሚመስለው ከደረሰው ብርሃን ቀዩን ስለሚመልስልሽ ነው። ቢጫ ብቻ ከደረሰው ምን ይመልስ? ጠቁሮ ይቀመጣል፤ አረንጓዴውም አጠገቡ ጠቁሮ ይቀመጣል።»

ይህን ትምህርት ተፈትኜ ማለፌ ትዝ አለኝ። ያኔ ለፈተና እንጂ ለኑሮ ይሆናል ብዬ አልነበረም። ዋፊቃ ይህን በምን ትረዳለች አልኳቸው። መረዳት አይጠበቅባትም፣ ትየው፣ ገበታ ጨው ውስጥም ያው ሶዲየም አለ፣ እሳት ሲነካው ያንኑ ቢጫ ይሰጣል አሉኝ።

እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ የአፎቻ ማኅበራችንን ሴቶች ጠራሁ፤ ለሠርግም ለለቅሶም የምንሰባሰብ ማኅበርተኞች ነን። ዋፊቃ ጉድ ሊታይ ነው ብላ ከሁሉ ቀድማ መጣች። መስኮቱን ዘግተን በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። እኔ ሁለት ባልዲ ውኃና እርጥብ ጆንያ አዘጋጀሁ፤ ጋሽ ጌታነህም መጥተው ነበር፤ እነዚህን ሲያዩ ሳቃቸው ተሰማኝ። በብረት ሳህን ላይ ጥጥ ቁስል በሚጠረግበት አልኮልና በጨው ነክረው ለኮሱት።

ቢጫ ሆነን ቀረን። የሁላችንም ከንፈር ጠቆረ፣ ፊታችን የሬሳ ፊት መሰለ። አንዷ አስተግፊሩላህ አለች። ናፊያ አሥራ ሁለት እስር አክርማ ዋፊቃ ፊት ዘረጋችና፣ እርስዎ ቀለም ስለሚለዩ ቀዩን ብቻ ይምረጡልኝ አለቻት። ዋፊቃ ማመንታት አታውቅም። ስድስት እስር አንሥታ ጭኗ ላይ ደረደረች።

ብርድ ልብሱን አወረድነው። ቀዩ ሁለት ነው፤ አራቱ አረንጓዴ።

ከዚያ ከሁላችን ታላቅ የሆኑት እማ ሐሊማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዋፊቃ፣ ያንቺ ወንዶች ልጆችስ ደኅና ናቸው?»

ሳቁ ከላይኛው መደብ ጀምሮ እስከ ደጃፉ ወረደ። ዋፊቃ የአልኮሉ ሽታ ራሴን አዞረኝ አለች። ሳቁ ሲበርድ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ከወገቡ በላይ ያለው ተፈትቶ ይሰፋ፣ ኒካሁም በቀኑ ይሁን አለች። እኔ አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«አልፈታውም» አለች ናፊያ። «ሪድዋን መጀመሪያ ይምጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ፣ ይህ ምን ቀለም ነው፣ ያስ ምን ቀለም ነው ብሎ አልጠየቀኝም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።»

ዋፊቃ እነግረዋለሁ ብላ ሄደች። ሰኞ አልመጣም፣ ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ ዋፊቃ ራሷ መጣች፤ ልጁ ሥራ በዝቶበታል፣ ደግሞም ወንድ ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር አይጠራም አለች። ናፊያ ጓዳ ገብታ የማጫ ወርቁን በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችና እጇ ላይ አኖረችላት።

ዋፊቃ በሩን ስትወጣ ሁሉም ነገር ፊቴ ላይ ተደረደረ፤ ሰው ምን ይላል፣ ማን ይጠይቃታል፣ እኔ ስሞት ከማን ጋር ትኖራለች። ሴትየዋን ሮጬ ልመልሳት ተነሣሁ። አንዱን ጫማዬን አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ፣ ሪድዋን ሥራ በዝቶበታል የተባለው ነገር እንደገና ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ጫማዬን አውልቄ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ።