ከጨርቅ የተሰፋ ሆድ

እናቷ ወደ መጠለያው ያመጣቻት በጠዋት፣ ሱቆች ሳይከፈቱ ነበር። መንገዱን ሁሉ ታክሲው ውስጥ ስለ አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ስታወራ መጣች፤ ደረቱ አልገጥም ብሏት ደጋግማ እንደፈታችው፣ ሙሽራይቱም በየሳምንቱ እየወፈረች እንዳስቸገረቻት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ የተመሰከረለት፣ ሰፈሩ በሙሉ ለደስታውም ለሐዘኑም እሷ ጋ ሄዶ የሚለካ። ልጅቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ትሰማለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሆዷ ገና በሹራብ ይሸፈናል።

ለጎረቤት የተነገረው አክስቷ ዘንድ ሄዳ እንደምትማር ነው። ያስረገዛት የክፍሏ ተማሪ ነበር። ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ስልኩን ዘጋ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ቀየረ። ያኔ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች። ከዚያ በኋላ ግን እንባው የት እንደገባ እሷም አታውቅም፤ ልክ ውሃ እንደጠፋበት ቤት ደረቅ አለች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወሬውን የሰማው ከመንገድ ተመልሶ ምሳ ሲበላ ነው። ሳይጨርስ ተነሳና መኪናውን ማጠብ ጀመረ። የታጠበውን ደግሞ መልሶ አጠበው።

መጠለያውን የሚያስተዳድረው አንድ የምእመናን ማኅበር ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል። ታች ቤት አልባ ሴቶች ያድራሉ፣ ላይ ነፍሰ ጡር ልጆች። አልጋ ሲጠብ ግን ይደባለቃሉ። ኃላፊዋን ሁሉም "እናታችን" ይሏታል፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል፣ በጸሎት የማትቸኩል፣ በወሬ ግን ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። እናትና ልጅን ተቀብላ፣ አልጋውን አሳይታ፣ "እዚህ ማንም የት ነበርሽ ብሎ አያስጨንቅሽም" አለቻት። እናቷ ግንባሯን ሳመቻትና ሙሽራይቱ እየጠበቀችኝ ነው ብላ ወጣች።

በዚያ ሰሞን አልጋ ጠብቦ ስለነበር አብራት የተመደበችው ከታች ቤት የመጣች፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት። "እትዬ ትኬት" ነው የሚሏት። ዕድሜዋን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ኖራ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ሥራዋን፣ ወንድሟ የአባታቸውን ቤት ሲሸጥ ደግሞ ማደሪያዋን አጣች። የማኅበሩ ሴቶች ያገኟት ስንት ዘመን መንገደኛ ባወረደችበት ጣቢያ፣ ካርቶን አንጥፋ ስትተኛ ነው። ስለዚያ ስትጠየቅ "መጨረሻ ፌርማታ ደርሼ ወረድኩ" ትላለች። አሁንም ምሳ ሰልፍ ላይ ሴቶቹ በር ላይ ሲጨናነቁ "ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ መሐሉ ባዶ ነው" እያለች ታስቃቸዋለች። ልጅቱ ቀናትን ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ስትቀር አየችና "ጭጬ" ብላ ስም አወጣችላት። ስሙ በሳምንት ቤቱን አዳረሰ።

ጭጬ የታዘዘችውን ትሠራለች። ጠዋት ጸሎት ቤት ከሌሎቹ ጋር ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ አንሶላ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታጥፋለች። ሌሎቹ ልጆች ያለቅሳሉ፣ በመስታወት ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ አንዷ ስሙን ገና ከአሁኑ መርጣ ሆዷን በስም ትጠራዋለች። ጭጬ ከሩቅ ሆና ታያቸዋለች። የሆዷ ልጅ መንፈራገጥ ሲጀምር እትዬ ትኬት መዳፏን አስቀምጣ አዳመጠችና "መልሴን ስጡኝ እያለ ነው፣ ሳንቲም ቀርቶበታል" አለች። ጭጬ ወደ ሆዷ አየች። የሰው ዕቃ አደራ እንዳስቀመጡባት ሁሉ፣ እንዳይሰበር ከመጠንቀቅ በቀር ሌላ ነገር አልመጣላትም።

እናቷ ለወራት ብቅ ሳትል ቆየች። ትደውላለች፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላለች፣ ትዘጋለች። ዝናብ በጀመረበት ሰሞን አንድ ከሰዓት መጣች።

መጀመሪያ ያያት ዘበኛው ነው። ጃንጥላውን ይዞ ሮጠና "ቀስ ይበሉ እናቴ፣ ደረጃው ያንሸራትታል" ብሎ ክንዷን ደግፎ አስገባት። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሴቶች ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት፣ አንዷ ውሃ አመጣችላት። እትዬ ትኬት ከላይ እስከ ታች አየቻትና "እዚህ ቤት ትልልቆቹንም መቀበል ጀመሩ ማለት ነው" አለች፣ በክፋት ሳይሆን። ሴትየዋ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት አለቻት። ያረገዘች ሴት ነበረች። ገፍቷል።

ጭጬ ደረጃው ላይ ቆማ አይታታለች። እናቷ ወደ እንግዳ መቀበያው ክፍል አስገብታት በሩን ዘጋች፣ ቀሚሷን ገለበች፣ አሳየቻት። ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ ገላ በሚመስል ጨርቅ የተሰፋ ሆድ ነው። በትከሻና በወገብ ዞሮ በጥብጣብ ይታሰራል። ስፌቱ ተፈልጎ አይገኝም። ይኼ ሁለተኛው ነው አለች፤ የፊተኛው ትንሽ ነበር፣ የመጨረሻውን ደግሞ ጀምራዋለች። ሰፈርተኛው በዚህ ዕድሜዋ በመፀነሷ ተገርሞ፣ አምቶ፣ ጨርሶ፣ አሁን ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ ይቆጣት ጀምሯል።

"ልጁ የኔ ይሆናል" አለች። "አንቺ እህቱ ነሽ። ትመጫለሽ፣ ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ። ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።"

"አባዬስ?"

"እሺ ብሏል።" ጥብጣቡን ነካካችና "እምቢ አላለም" አለች።

ጭጬ ጨርቁን ታያለች። እናቷ ልመና ወይ ቁጣ ወይ ለቅሶ ነው የጠበቀችው።

"አይሞቅም?" አለቻት ልጅቱ።

"ይሞቃል።" እናቷ ቀሚሷን ወደ ታች መለሰችና በመዳፏ አስተካከለችው። "ማታ ስፈታው ጀርባዬ ተልጦ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ግን መፍታቱ ያስጠላኛል።"

ነገሩ ለኃላፊዋ ሲነገር መነጽሯን አውልቃ ብዙ ጊዜ ጠረገች። ስንት ጉድ ያየች ሴት ናት፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። በዚህ ቤት የማንንም ልጅ ነጥቄ ለማንም አልሰጥም፣ ነጥቄም አላስቀርም አለች። የልደት ወረቀቱም የሚጻፈው በወለደችው ስም ነው።

"ልጅ ናት እኮ፣ ምን ታውቃለች ብለው ነው" አለች እናትየዋ።

"ልጅ ናት" አለች ኃላፊዋ። "የምትወልደው ግን እሷ ናት።"

የዚያን ዕለት ማጠቢያ ክፍል ድረስ መጥታ፣ ሦስት መንገድ እንዳለ ለጭጬ ነገረቻት፤ ማሳደግ አለ፣ ልጅ ለሚፈልጉ ሰዎች መስጠት አለ፣ እናቷ ያሰበችው አለ። ጭጬ "እንደፈለጋችሁ" አለች። ኃላፊዋ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችና ሁለቱ ሆነው ቁልሉን አጥፈው ጨረሱ።

ምጡ የመጣው ቀን ነው፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል። ሐኪም ቤት አብራት የሄደችው እትዬ ትኬት ናት። ምኗ ነሽ ስትባል "የአልጋ ጎረቤቷ" አለች፣ አስገቧት። ጭጬ አልጮኸችም። ሕመሙ ነበር፣ እንዲያውም ብዙ ነበር፤ ግን ከግድግዳው ወዲያ ያለ ሰው የሚታመም ያህል ነበር የሚሰማት። አዋላጇ "ሴት ናት" ብላ ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት። ጭጬ አየቻት። አንደኛው ጆሮዋ ታጥፏል፣ ጥፍሯ ረጅም ነው፣ ፀጉሯ እርጥብ ነው። ሌሎቹ ልጆች የሚያወሩትን ያንን ነገር ጠበቀችው። አልመጣም። ትንሽ ፈራች፣ ከዚያ ፍርሃቱም ጥሏት ሄደ።

"ምንም አልተሰማኝም" አለቻት እትዬ ትኬትን፣ ሰው ሲወጣ።

እትዬ ትኬት ወንበሯን ጠጋ አደረገች። "እናቴ የሞተች ቀን እኔ ሥራ ገብቼ ትኬት ስቆርጥ ነው የዋልኩት" አለች። "ከስንት ጊዜ በኋላ አንዷ ተሳፋሪ መልስ አጎደልሽብኝ ብትለኝ፣ እዚያው አውቶቡሱ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንዳንዱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ባይመጣም ልጅቷ መጥባት አለባት።"

ጠባች። ጡቷ ማንንም ሳያስፈቅድ ወተት ሞልቶ ነበር።

እናቷ የመጣችው ወደ መጠለያው ከተመለሱ በኋላ ነው፣ የመጨረሻውን፣ ትልቁን ሆድ ታጥቃ። አስባ ጨርሳለች፤ ሕፃኗን ይዛ ዘመድ ቤት ታድራለች፣ በማግሥቱ ወልዳ ሰፈር ትገባለች። ክፍሉ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ማሰሪያውን ፍቺልኝ አለቻት። ጭጬ ፈታችላት። ሆዱ አልጋው ላይ ወደቀ፤ ጨርቅ ሆኖ እንኳ ክብ እንደሆነ ቀረ። እናቷ ያለ እሱ ሟሽሻ፣ አንሳ ታየች።

ከዚያ ሕፃኗን አነሣቻት። ፊቷ ያን ጊዜ ተለወጠ። "ልጄ፣ የኔ ልጅ" እያለች አለቀሰች፣ አንገቷ ሥር አስገብታ አሸተተቻት። ጭጬ ከአልጋዋ ሆና ታያታለች። እሷ ስትጠብቀው የነበረው ያ ነገር ሁሉ እናቷ ላይ መጥቶ ነበር። ይሁን፣ ትውሰዳት ብላም አሰበች። ቢያንስ አንድ ሰው ይወዳታል።

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ያመጣችውን ጡጦ ሰጠቻት፣ አልያዘችም። አባበለቻት፣ ወዘወዘቻት፣ አልሆነም። ለቅሶው በጨመረ ቁጥር የጭጬ ሸሚዝ ይርሳል፤ ወተቱ ወርዶ ወርዶ ጉርድ ቀሚሷ ላይ ደረሰ። እጇን ዘረጋች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም፣ ልብሷ እየራሰባት ነበር። እናቷ ሰጠቻት። ክፍሉ ውስጥ የሕፃኗ መዋጥ ብቻ ይሰማል። ጭጬ አንደኛው ጆሮ እስካሁን እንደታጠፈ አየችና በጣቷ ዘረጋችው። ተመልሶ ታጠፈ።

"አትሄድም" አለች።

እናቷ የጡጦውን ክዳን እየገጠመች ነበር።

"አትሄድም እማዬ። እኔም እህቷ አልሆንም።" ሰዓት ተጠይቃ እንደምትመልስ ሆና ነው የተናገረችው።

"ትወጃታለሽ?"

ጭጬ አሰበችበት። "አላውቅም" አለች። "ግን የኔ ናት።"

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነው። እትዬ ትኬት በሩ ላይ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ደርሳ ነበር፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም።

"እና እኔ አሁን ምን ሆኜ ልግባ?" አለች እናቷ። ማንን እንደጠየቀች አልታወቀም።

እናቷ ተነሣችና ሆዱን አነሣችው። ጥብጣቡ ግን አልታሰርላት አለ። እትዬ ትኬት ልብሱን አስቀምጣ ገባች፣ ከኋላ አሰረችላት፣ "አጠበቅሁት?" አለቻት በዝግታ። ደህና ነው አለች። ቀሚሷን አስተካክላ፣ ደረጃውን ይዛ ወረደች። ዘበኛው በሩን ከፈተላትና በሰላም ይገላግልዎት አላት። አሜን ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጥቶ የነገራት አባቷ ነው። ጭነቱን አራግፎ፣ መኪናውን ከግቢው ውጭ አቁሞ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። እናቷ ሞቶ ተወለደ ብላ ነበር። ሰፈርተኛው ቤቱን ሞልቶ ሊያጽናናቸው ሰነበተ፣ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ ይቆጧት የነበሩትም አብረዋት አለቀሱ።

"እሷ ማስመሰሏ አልነበረም" አለ አባቷ፣ ወለሉን እያየ። "ከልቧ ነው ያለቀሰችው። እኔ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ወንበር ሳመላልስ ዋልኩ።"

ጭጬ ሕፃኗን ሰጠችው። ትልልቅ እጁ ላይ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ሻይ ሲቀርብለትም እንዳትነቃ ብሎ ሳይጠጣ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ በዚያ በኩል ባይሆንም በዚያ በኩል ማለፍ ጀመረ።

ጭጬ ሕፃን ያላቸው እናቶች ወደሚያድሩበት የጓሮ ክፍል ተዛወረች። ኃላፊዋ ትምህርት ቤት አስመዘገበቻት፤ ስትማር ሕፃኗን የምትይዘው እትዬ ትኬት ናት፣ ከጸሎት ሰዓት በቀር ከእጇ የማታወርዳት። ያ የምትጠብቀው ነገር ድንገት ደርሶ አላጥለቀለቃትም። ስታጥባት ውሃው እንዳይሞቅ በክርኗ ትለካለች፣ ስታስነጥስ ትነቃለች፣ ትምህርት ላይ ሆና ሰዓት ታያለች። ይኼ ምን እንደሚባል አልጠየቀችም፣ የነገራትም የለም።

እናቷ የደወለችው ሕፃኗ መቀመጥ ከጀመረች በኋላ ነው። ደህና ነሽ አለቻት፤ ደህና ነኝ አለች። ከበስተጀርባ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ።

"ቁመቷ ምን ያህል ደረሰ?" አለች እናቷ።

ጭጬ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ሕፃኗን አልጋው ላይ አስተኛቻት። ከአንገት እስከ ተረከዝ በስንዝሯ ለካች፣ ነገረቻት። ደረቷንስ አለቻት እናቷ፣ ደረቷንም ለካች። እጅጌው እንዳያጥራት ትንሽ ጨምሪበት፣ ቶሎ ታድጋለች አለቻት ጭጬ። እናቷ "እሺ" አለችና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መልሳ አነበበችላት፣ እንዳትሳሳት።