በሳምንት አንድ ጥፊ

ተዋንያኑ ጎዶሎ ይሉት የነበረው የጎደለው ነገር ኖሮ አይደለም። የተከታታይ ድራማው ደራሲዎች ሁለት ነበሩ። ሥራው እንዲፈጥን ብሎ ፕሮዲዩሰሩ እያንዳንዱን ክፍል እንደ ካርታ አድሏቸዋል፤ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ትዕይንት እሱ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስድስተኛውን ወጣቷ ባልደረባው፤ እስከ ክፍሉ መጨረሻ እንዲሁ። አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚሰማው ሰኞ ጠዋት፣ ተዋንያኑ ጠረጴዛ ከበው ሲያነቡት ነው። በትዕይንቶቹ ቁጥር እሱ ጎዶሎ፣ እሷ ሙሉ ተባሉ፤ በዚያው ጸደቀባቸው። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው በሃምሳ ዓመቱ እንዲህ መባሉ መጀመሪያ ላይ ከንክኖት ነበር፤ ኋላ ግን ሲጠሩት ዞር ማለት ጀመረ።

ከሦስት ወር በፊት በድራማው ውስጥ ባል ሚስቱን በጥፊ መታ። በማግስቱ የተመልካቹ ቁጥር አሻቀበ። ፕሮዲዩሰሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «አያችሁ? ሰው ጥፊ ጠምቶታል! ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጥፊ። ይሄን የማይጽፍ ደራሲ ካለ በሩ ክፍት ነው» አለ።

ጎዶሎ ጻፈ። አማት ምራቷን መታች፤ አለቃ ጸሐፊውን መታ። መማቻ ምክንያት ሲጠፋ አንድ ሰው ከበር ኋላ ይቆምና ምስጢር ይሰማል፤ ከዚያ ገብቶ ይማታል። ሚስቲቱን የምትጫወተው፣ ሁሉም እሜቴ የሚሏት አንጋፋ ተዋናይት፣ «በዚህ ቤት እኮ ከወንበሩ በሩ ይበዛል» ብላ ቀልዳ ነበር። ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

እሁድ ዕለት የታላቅ እህቱ ጸጉር ቤት ውስጥ የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ ሊቀይር ሄደ። ሦስቱም ወንበሮች ሞልተዋል። ከመስታወቱ በላይ ያለው ቴሌቪዥን የእሱን ድራማ ይደግማል። ጎዶሎ ጠመንጃ መፍቻውን እንደያዘ ጆሮውን ጣል አደረገ፤ የራሱን ቃል ከሰው መሀል ሆኖ መስማት ደስ ይለዋል። ባልየው ከበር ኋላ ሰማ፤ ገባ፤ ሚስቱን በጸጉሯ ጎተታት። ካሜራው አልቸኮለም።

መሀል ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ጸጉሯ እስከ ግማሽ በቢጉዲን የተጠቀለለ ሴት አንገቷን ደፋች።

«ይሄን ነገር ትዘጊልኛለሽ?» አለች በቀስታ።

«አሁን ያልቃል፣ የኔ እህት» አለች እህቱ፣ ቢጉዲን በአፏ እንደነከሰች።

አላለቀም። ሴትየዋ ተነሳች፤ ሻሿን በግማሽ ጥቅልል ጸጉሯ ላይ ጠመጠመች፤ «ሌላ ቀን ትጨርሺልኛለሽ» ብላ ማንንም ሳታይ ወጣች።

እህቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። «የማን ሥራ ነው ይሄ?»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ለምን መታት?»

«ከበር ኋላ ቆሞ ሲሰማ…»

«እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩህም። ለምን መታት ነው ያልኩህ።»

ጎዶሎ ዓይኑን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ላከ። «ተመልካቹ ይወደዋል» አለ በመጨረሻ።

«ተመልካችማ ይኸው ሄደችልህ፣ ቢጉዲኔን እንደተሸከመች!»

ሌሎቹ ሴቶች ሳቁ፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብሎኑን ማጥበቅ ያዘ። የጠበቀውን ብሎን ደጋግሞ ሲያጠብቅ ቆየ። ያቃጠለው የእህቱ ሽሙጥ አልነበረም። ዓርብ ዕለት ለክፍል አርባ አንድ የሰጠው አሥራ ሦስተኛው ትዕይንት ከዚህም የባሰ ነው፤ ሰኞ ይነበባል፤ ከሰዓት በኋላ ይቀረጻል።

ሰኞ ጠዋት ገና ደጃፉ ላይ ፕሮዲዩሰሩን ሊያናግረው ቆርጦ መጣ። ፕሮዲዩሰሩ ግን ቀደመው፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «አሥራ ሦስትን አየሁት፤ አንጀቴን አራስከው። ውልህን ከቀረጻው በኋላ እናድሳለን» አለው። ጎዶሎ ስለ ትዕይንቱ ሳያነሳ ተከተለው። ገብቶ ቦታው ተቀመጠ፤ ንባቡም ተጀመረ።

በአሥራ ሦስተኛው ትዕይንት ሚስት ዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሥራ ማግኘቷን ለጎረቤቷ ትነግራለች። ባል እንደተለመደው ከበር ኋላ ይሰማል። ገብቶ ይመታታል፤ ስትወድቅም ይመታታል፤ ትዕይንቱ ወለሉ ላይ በወደቀ ጥርስ ያበቃል። ባልየውን የሚጫወተው፣ በቁመቱና በትከሻው የተነሳ ግንቡ የሚሉት ሰው፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ እንደ ስልክ ቁጥር እየቆጠረ አነበበው።

«አሥራ አራት» አለ ፕሮዲዩሰሩ።

እሜቴ መነጽሯን አስተካከለች። «መኝታ ቤት። ቀን። ባል ወንበር ላይ ቆሞ መስኮት ይለካል። ሚስት ወንበሩን ደግፋ ይዛለች። ይሳሳቃሉ።» ቀና አለች። «ማነው የሚሳሳቀው?»

«አንቺና እኔ» አለ ግንቡ።

«አሁን ጥርሴን አራግፈህ? በየትኛው ጥርሴ ነው የምስቀው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። የሙሉ ፊት ቀላ። «እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?» አለች ወደ ጎዶሎ ዞራ። «ካሜራማኑ የመስኮቱ ፀሐይ አስቸገረኝ ሲል፣ ወፍራም መጋረጃ የሚያስገባ ነገር ጻፊ አሉኝ። እንደምትደበደብ በምን አውቄ?»

«በቃ፣ አሥራ አራትን አስተካክይ» አለ ፕሮዲዩሰሩ። «ባበጠ ፊት ወንበሩን ትያዝ። መሳሳቁ ይውጣ።»

ሙሉ እስክሪብቶ አነሳች። ልትሰርዘው ነው። ጎዶሎ መዳፉን ዘርግቶ ወረቀቷን ሸፈነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

«አሥራ አራት ልክ ነው» አለ። «የተበላሸው አሥራ ሦስት ነው።»

«አሥራ ሦስት እኮ ያንተ ነው!» አለ ፕሮዲዩሰሩ።

«የኔ ስለሆነ ነው የማውቀው። ለምን እንደሚመታት አላውቅም። ትናንት ተጠይቄ መልስ አጣሁ።» ወደ ፕሮዲዩሰሩ ዞረ። «አንድ ሰዓት ስጠኝ። አብረን እንጻፈው።»

ፕሮዲዩሰሩ ሰዓቱን አየ፤ ጣሪያውን አየ። «ካሜራ ተከራይቼ የምቆምበት ሰዓት ነው የምትጠይቀኝ። አንድ ሰዓት። ከዚያ ወይ የጻፍከውን አየዋለሁ፣ ወይ የመጀመሪያውን እቀርጻለሁ፤ አንተንም እሸኝሃለሁ።»

ሁለቱ ደራሲዎች የልብስ ማስቀመጫው ክፍል ገብተው በተሰቀሉ ካፖርቶች መሀል ተቀመጡ። በአርባ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ላይ አብረው ሲጎነበሱ ይሄ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ከበር ኋላ ካልሰማ እንዴት ያውቃል?» አለ ጎዶሎ።

«ትነግረዋለቻ።»

«ራሷ?»

«አፍ የላትም እንዴ፣ ጋሼ?»

 ጎዶሎ ሦስት ወር ሲጽፍ ይቺ ሴት አፍ እንዳላት ትዝ ብሎት አያውቅም ነበር። «እሺ፣ ነገረችው። እሱስ?»

«ይናደዳል።»

«መናደዱንማ ይናደድ። ተናዶ ምን ይላል?»

እዚያ ላይ ተጣበቁ። ሙሉ የጻፈችውን እሱ ይሰርዛል፤ እሱ የጻፈውን እሷ አንብባ፣ «ይሄ ስብከት ነው» ትላለች። ግማሽ ሰዓት ውሃ በላው። ከዚያ ሙሉ እስክሪብቶውን ጥላ፣ «ኧረ ቆይ፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው መቼ ነው የሚተኛው?» አለች።

«ቀን ነዋ።»

ተያዩ። ጎዶሎ እስክሪብቶውን ከወለሉ ላይ አነሳው።

ሲመለሱ እሜቴና ግንቡ ገና መቀመጣቸውን ሳይጠብቁ ወረቀቱን ተቀበሏቸው። ባል ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሚስት ፊት ለፊቱ ቆማ ትነግረዋለች። አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ይቀራል።

«ሳትነግሪኝ?» አነበበ ግንቡ።

«ብነግርህ እምቢ ትለኝ ነበር።»

«እምቢ እል ነበር።» ግንቡ እዚህ ላይ ቆመ፤ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አየና ቀጠለ። «መቼ ትገቢያለሽ?»

«ሰኞ።»

«ቀን ቀን የት ልትተኚ ነው?»

«እዚሁ ነዋ።»

«ፀሐዩ ፊትሽ ላይ እየወጣ?»

ከዚያ ባል ጫማውን መልሶ ያጠልቃል፤ መስኮቱን የሚለካበት ሜትር ሊፈልግ ይወጣል። ትዕይንቱ አበቃ።

«ጥፊውስ?» አለ ፕሮዲዩሰሩ።

«የለም።»

«የሳምንቱ ጥፊ እኮ ነው የምልህ!»

«በዚህ ሳምንት የለም» አለ ጎዶሎ።

ግንቡ ጉሮሮውን ጠረገ። በንባብ ጊዜ ከተጻፈለት ውጭ ተናግሮ አያውቅም። «እኔ ይቺን መሥራት እችላለሁ» አለ። «ያንን ስሠራ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ እንኳን በቴሌቪዥን አይታኝ፣ ምን ነካህ ብላ ነው ስልክ የደወለችልኝ።»

ፕሮዲዩሰሩ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። «ተመልካቹ ቢሸሽ ውልህን አልፈርምም፤ ከአሁኑ ልንገርህ።»

«ተስማምቻለሁ። ባይሸሽ ግን ከየበሩ ኋላ የቆሙትን ሁሉ አስወጣቸዋለሁ።»

«ስንት ናቸው እነሱ?»

«ዘጠኝ ይሆናሉ» አለች ሙሉ።

ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስትን ቀረጹ፤ አስከትለውም አሥራ አራትን። ግንቡ ወንበር ላይ ወጣ፤ እሜቴ ወንበሩን ያዘች፤ ሜትሩ ተጠምዝዞ ጆሮው ላይ ሲጠመጠም የሳቁት ከወረቀቱ ውጭ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ የቀረጻው ስክሪን ላይ አፍጥጦ፣ ቁረጡ ሊል ያነሳትን እጁን አየር ላይ ረሳት። ካሜራማኑ ነው ኋላ ላይ ራሱ ያቆመው።

«ድገሙት» አለ ፕሮዲዩሰሩ።

ጎዶሎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ምኑ ተበላሸ?»

«ምኑም። ከወንበሩ ሲወርድ ልየው። ወርዶ ዝም ብሎ ይሄዳል እንዴ? የሆነ ነገር ይበላት እንጂ።»

«ምን ልበላት?» አለ ግንቡ ከላይ ሆኖ።

ጎዶሎና ሙሉ እኩል አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱም የተለያየ ነገር ተናገሩ።

እሜቴ ወንበሩን ሳትለቅ አንገቷን መዘዝ አደረገች። «በተራ በተራ» አለች። «ሁለቱንም ልስማ።»