ቢጫው ቀሚስ

ወይኒቱ ሐዘንተኛ ናት፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ግን ሐዘኗን ማውለቅ አለባት። ጥቁር ቀሚሷን ታወልቅና ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ቢጫውን ትለብሳለች። ፊቷን በውኃ ታብሳለች። ከዚያ ቤይሩት ያለችው ታናሽ እህቷ ሠርክአዲስ ከነሆዷ ስልኩ ላይ ብቅ ትላለች። "ሠርኬ! ደግሞ ወፈርሽ!" ትላለች ወይኒቱ እየሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ቢጫው ወደ ምስማሩ፣ እሷም ወደ ጥቁሯ ይመለሳሉ።

እናታቸው ያረፈችው ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። ሠርክአዲስ ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዓምና አንድ ጽንስ ወርዶባታል፤ በዚህኛው ድንጋጤ እንዳያገኛት ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። መጥታ እንዳትወልድ ፓስፖርቷን የድሮ አሠሪዋ ይዛባታለች። ስለዚህ አጎታቸው አያ ሽታው ከቀብር መልስ ዘመዱን ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ሰብስቦ ነገሩን ቆረጠው።

"ልጂቱ በሰላም እስክትገላገል ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር! መርዶው ተዚያ በኋላ ይደርሳል። ስልኩን አንች ትይዥዋለሽ፣ ወይኒቱ።"

ትችይዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ባሕር ማዶ ከዘመድ ርቃ ላለች ነፍሰ ጡርማ ጭራሽ። ይኼን ወይኒቱም ታውቃለች። ለአያ ሽታው ግን ማዘዝ ምን አለበት? እሱ ፊት የሚያሳይ ስልክ የለው!

በመጀመሪያው ሳምንት እናትየው ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘጋ። በሁለተኛው ለአስተርእዮ ግሸን ወጣች፤ ተራራው ላይ ደግሞ ኔትወርክ እንደሌለ የታወቀ ነው። በሦስተኛው ስልኳ ውኃ ውስጥ ወደቀ። አንድ ቀን የሚባል ነገር ቢያልቅባት ወይኒቱ ስልኩን ለጎረቤቷ ለሐቢባ አቀበለቻት። ሐቢባ ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ ሴት ናት። "እትዬ ሐቢባ፣ እናቴስ?" ስትባል ጣሪያ ጣሪያውን አየችና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ቦታ ናት" አለች። ስልኩን መልሳ ጓዳ ገባችና አፏን በሻሿ ይዛ አለቀሰች።

ወይኒቱ አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት ሠርክአዲስ ሁለት ጊዜ ስለደወለች እንባዋን ዋጥ አድርጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አታውቅም። ተዝካሩ ሲወጣ ቆማ አስተናገደች። በማግስቱ ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር ያለችውን አሳ ቤቷን ከፈተች። አሳ ትሰነጥቃለች፣ ትጠብሳለች፣ የወልድያ መንገደኛ የሚያወራውን ትሰማለች። አንድ ቀን ቢላዋው ጣቷን ሲቆርጣት ደሙን ቀድሞ ያየው ደንበኛዋ ነው።

"ኧረ እህቴ ተቆረጥሽ! አላመመሽም?"

"እኔ እንጃ" አለችው። እውነቷን ነበር፤ አላወቀችም።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሠርክአዲስ ደወለች፤ ቢጫው ተለበሰ።

"እታለም፣ እማ ዛሬስ የለችም?"

"ሱባኤ ገብታለች።"

"የት?"

"ሐይቅ እስጢፋኖስ" አለች ወይኒቱ። አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው፤ ከአሳ ቤቷ በር ሆና ሁልጊዜ የምታየው ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ነው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ወይኒቱ "ሃሎ? ሃሎ?" አለች።

"አለሁ። በጸሎቷ ታስበኝ በያት" አለችና ስለ እግሯ እብጠት ማውራት ጀመረች።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እናቷ ጠይቃ አታውቅም። ወይኒቱ ውሸቷ የሠራ መሰላት፤ ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም። ሠርክአዲስ የምትጠይቀው ሌላ ሌላውን ሆነ። ልጁ ሲገለባበጥ ያማል? በየትኛው ጎን ልተኛ? የአራስ ገንፎ ዱቄቱ ምን ያህል ነው? ወይኒቱ ወልዳ አታውቅም፤ መንገዱን ተሻግራ ሐቢባን ትጠይቅና መልሱን ይዛ ትመለሳለች።

ግንቦት አጋማሽ ላይ የሠርክአዲስ ባል ወንዱ ደወለ። "ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!" ሐቢባ ከመንገዱ ማዶ እልል አለች። አያ ሽታው ግን ራሱን ነቀነቀ።

"አሁን ደግሞ አራስ ናት፤ ወተቷ ይደርቅባታል። ሕፃኗ ክርስትና ትነሣና ያን ጊዜ ይነገራል።"

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሌላ ሰማንያ ቀን ቢጫ። ወይኒቱ "እሺ" አለች።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። ለበሰች፣ ታጠበች፣ ፈገግ ብላ ከፈተችው። ሠርክአዲስ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ናት። የለበሰችው ከራስ እስከ እግር ጥቁር ነው።

የወይኒቱ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። "ማነው የነገረሽ?"

"አንች።"

"እኔ?"

"እማ እስጢፋኖስ ሱባኤ ገባች አላልሽኝም? ሴት የማይገባበት ገዳም! አባባ ሊሳለም ሲገባ እኔና አንች ተእማ ጋር ውጭ ቆመን አልነበር የምንጠብቀው? ተዚያን ቀን ወዲህ አውቄያለሁ።"

ወይኒቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ማወቄን ብታውቂ ለሆዴ ስትሰጊ ልታልቂ ነው። እንዲያ ስትለፊልኝ እያየሁ እንዴት ልንገርሽ?" ሠርክአዲስ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ወንዱም አያውቅም። ሥራ ሲሄድልኝ ጥቁሬን እለብሳለሁ። እሱ ሲመጣ ነው የማወልቀው፤ አንች ስትደውይ ነው የማወልቀው።"

ሁለቱ እህቶች፣ አንዷ ሐይቅ አንዷ ቤይሩት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየሮጡ ጥቁራቸውን ሲያወልቁ ሁለት ወር ተኩል ሆኗቸዋል።

"ሂጂ ቢጫውን አውልቂና ጥቁርሽን ለብሰሽ ነይ" አለች ሠርክአዲስ። "ብቻዬን ማልቀስ ሰልችቶኛል፣ እታለም።"

ወይኒቱ ስልኩን ከዘይት ጀሪካኑ አስደግፋ ተነሣች። የቀሚሱን ቁልፍ ያዘች፤ አልፈታ አላት። አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች። በቢጫው ቀሚስ እንዳለች መሬት ላይ ቁጭ አለችና "እምዬ!" ብላ ጮኸች። ሐቢባ ድምፁን ሰምታ መንገዱን እየሮጠች ተሻገረች። ሕፃኗ ደንግጣ ነቃች። ሠርክአዲስ ልጇን ጡት አስይዛ፣ ስልኩን ሳትዘጋ፣ አብራት አለቀሰች።