እርስዎ የሚባባሉት ሰዎች

ፓርቲያችን «ነፃ ጎረቤቶች» ይባላል። አልሰማችሁትም፤ አትፈሩ፣ ማንም አልሰማውም። በመላው ቼክ የመረጠንን ሰው ሁሉ አንድ ስታዲየም ብናስገባው ወንበር ይተርፋል። አገር አቀፍ ጉባኤያችን የሚካሄደውም ከይህላቫ ከተማ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማችን፣ ቢራ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው።

እኔ ሮዛሊዬ ክሩፕኮቫ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የዳቦ ጋገራ ትምህርቴን አቋርጬ ዳቦ ቤት ሮህሊክ የምንለውን ቀንድ መሳይ ትንሽ ዳቦ ስጠቀልል እውላለሁ። ፓርቲው ውስጥ የገባሁት ፖለቲካ ገብቶኝ አይደለም። «እርስዎ» ስላሉኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቀመንበራችን አቶ ሂኔክ ቮድራሽካ በድሮው የኮሚኒስት መንግሥት ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ በተጠሩ ቁጥር፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን መርማሪ «አንተ» እያለ ያዋክባቸው ነበር። መንግሥቱ ወድቆ ከጓደኞቻቸው ጋር ፓርቲውን ሲመሠርቱ ታዲያ አንድ ደንብ አወጡ፦ ስብሰባ ላይ ማንም ማንንም አንተ ወይም አንቺ አይልም። ባልና ሚስት እንኳ። ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ኦቲሊዬ ባላቸውን ስብሰባ ላይ «እርስዎ ተሳስተዋል» ይሏቸውና ቤት ሲገቡ «አንተ ደንቆሮ» ይሏቸው ነበር አሉ።

መጀመሪያ የሄድኩት ዳቦ ላደርስ ነው። አቶ ቮድራሽካ ብድግ ብለው «ወይዘሪት ክሩፕኮቫ፣ እርስዎስ ስለ ሰፈርዎ አውቶቡስ ምን ይላሉ?» አሉኝ። «እርስዎ» ሲሉ እናቴ ከኋላዬ ያለች መስሎኝ ዞር አልኩ። አስተማሪዎቼ አንቺ ሰነፍ፣ አንቺ ለፍላፊ ከማለት አልፈው ሐሳቤን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ጉባኤያችን ላይ ከፕራግ ራዶቫን ሽቲካ የሚባል ሰው መጣ። አዲስ ፓርቲ ለማቋቋም ብዙ ፊርማ መልቀም ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሰነፈ ሰው ግን፣ የደከመ አሮጌ ፓርቲ ፈልጎ ይረከብና ስሙን ይቀይረዋል። የደከምነው እኛ ነን።

ስንገባ አቶ ቮድራሽካ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ፓርቲውን ዛሬ ለሰውየው ካልሰጠነው እኔ ስሞት አብሮኝ ይሞታል» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት ከንቱ ሆኖ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ፣ ወይዘሪት ክሩፕኮቫ።»

ድምፃቸውን ለሰውየው ሊሰጡ ወስነው እንደመጡ ያኔ ገባኝ።

ራዶቫን ጥሩ ያወራል። ፖስተር፣ ቴሌቪዥን፣ አዲስ ስም፤ «ወደፊት ከራዶቫን ጋር» ነው የሚባለው አለ። ሰዉም በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ቢራውን አነሳና «እንግዲህ ቤተሰብ ሆነናል፣ ይሄ እርስዎ እርስዎ ይቅርብን። እኔ ራዶቫን ነኝ። አንተ ሂኔክ ነህ አይደል?» አለ።

እኛ ዘንድ «አንተ እንባባል» የሚለው በዕድሜ ታላቅየው ነው። ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ። አቶ ቮድራሽካ ወደ መርማሪው ክፍል የተመለሱ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ገና መች ተዋወቅን» አሉ ቀስ ብለው።

ሰውየው አልገባውም። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ቆንጆ፣ ጉላሹ የት ቀረ?» አለኝ፤ ያዘዝነውን የሥጋ ወጥ ማለቱ ነው።

«አስተናጋጇ ውጭ ናት» አልኩት። «እኔ የፓርቲው አባል ነኝ። ጉላሽ ከፈለጉ እሷን ይጥሩ። ድምፅ ከፈለጉ ግን እኔንም ይለምኑኛል።»

ወይዘሮ ኦቲሊዬ ቢራው ትን አላቸው።

«ምላስሽ ረዥም ነው» አለ እየሳቀ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ ፓርቲ ምን ሰጠሽ?»

ሊያላግጥብኝ ነበር፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለእሱ ሳይሆን ለአቶ ቮድራሽካ ነገርኳቸው።

«ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው የምንኖረው» አልኩ። «ድሮ እናቴ ከፋብሪካ የምትመለሰው ጭቃ እያቦካች ነበር። እናንተ ከተማው ምክር ቤት ውስጥ ሁለት ወንበር ስታገኙ አውቶቡስ አመጣችሁልን። ዛሬም እግሯ ደርቆ ትገባለች፤ ማን እንዳመጣው እንኳ አታውቅም። እኔን ደግሞ እርስዎ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ደስ አይልም፣ ራስ ያማል፤ ግን አመሰግናለሁ። ፓርቲው ቢዘጋ አውቶቡሱ አይቆምም፣ አቶ ቮድራሽካ። እኔም ወደ ድሮዬ አልመለስም። ስሙን ቀይሮ ሌላ ሰው ከሚጫወትበት፣ እኛው ራሳችን በክብር እንዝጋው።»

አቶ ቮድራሽካ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«የወይዘሪት ክሩፕኮቫን ሐሳብ የሚደግፉ» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ሁልጊዜው።

እጆች አንድ በአንድ ተነሡ። የእሳቸውም መጨረሻ ላይ ተነሣ።

«እብዶች ናችሁ» አለ ራዶቫን ኮቱን እየለበሰ። «ሥራ ላቀልላችሁ ነበር እኮ የመጣሁት።»

«እግዜር ይስጥልን» አሉት ወይዘሮ ኦቲሊዬ፤ ከልባቸው ይመስለኛል። «በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉት፣ ይላቀቃል።»

ጉላሹ መጣ፣ የሰውየው ድርሻ ሳይቀር። አቶ ቮድራሽካ ተነሥተው ቆሙ። ንግግር ያደርጋሉ ብለን ማንኪያችንን አስቀመጥን። ተራ በተራ አዩን፤ ፊታቸው ቀልቷል፣ ግን ፈገግ ብለዋል።

«ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» አሉ። «ለካ ልፋቴ ከንቱ አልነበረም። ሌላ አጀንዳ ያለው አለ?»

«እየቀዘቀዘ ነው» አሉ ወይዘሮ ኦቲሊዬ፣ የራዶቫንን ሳህን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

«ይመዝገብ» አሉ አቶ ቮድራሽካ፤ ተቀምጠውም መብላት ጀመሩ።