ለዓይን እና ለእግር

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም ይላሉ። ወጊው እንዴት አምሮበት እንደሚረሳ ግን የሚናገር የለም። ዳይሬክተሩ አምሮበት ነበር የረሳው። ከኋላ ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በረሃውን ሲያቋርጡ መኪናውን የሚነዳውን ሰው ፊት አንዴ እንኳ አላየም። "ሾፌር፣ መስኮቱን ዝጋ።" "ሾፌር፣ ቀስ በል፣ ወገቤን ጨረስከው።" ሾፌሩም ይዘጋል፤ ቀስ ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ለሦስት ሰዓት አይቸኩልም።

ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠችው ካሜራ ቀራጯ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ዝምተኛ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የተቀጠረችው ስለ ዳይሬክተሩ የአርባ ዓመት ሥራ ዘጋቢ ፊልም ልትቀርጽ ነው። ሰውየው ዛሬ በበረሃው ሐይቅ ዳር ቆሞ ስለ ትልቁ ፊልሙ ሊናገር ይፈልጋል። ጉዞው ሲታዘዝ ተራው የሌላ ሾፌር ነበር፤ ይሄኛው የዳይሬክተሩን ስም ከወረቀቱ ላይ ሲያነብ ባልደረባውን ለምኖ ተራ ተቀያየረ።

ሾፌርነት የዕለት እንጀራው እንጂ ሙያው አልነበረም። ሙያው አናጺነት ነው፤ ያውም የፊልም አናጺነት። ባልደረቦቹ "ሚስማር" ይሉት ነበር። የፊልም አናጺ ማንም የማይኖርበትን ቤት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ይሠራል። ካሜራ የሚያየው ሁሉ ሰው አይሸከምም፤ አንዱ ወለል ከወፍራም ጣውላ ተሠርቶ ሰው ይቆምበታል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ በስስ ኮምፔንሳቶ ተለብጦ ሲታይ ብቻ ያምራል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ሠሪውም ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ሚስማር የራሱን ዘዴ አበጀ። የብረት ሚስማር በእሳት አግሎ በእያንዳንዱ ወለል ሥር፣ በስተግራ ባለው ጥግ ላይ ፊደል ይተኩሳል፦ "ዓ" ከሆነ ለዓይን ብቻ ነው፤ "እ" ከሆነ ለእግር ነው። ጎንበስ ብሎ ያላየ ሰው አይወጣም። ይህ በእሱ ሥራ ላይ ሕግ ነበር፤ ሚናቸውን የማያውቁ ተዋንያን እንኳ ይህን ያውቁት ነበር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያ ሐይቅ ዳር አንድ ሙሉ ከተማ ሠራ። የገዢው ቤት የተባለው ትልቁ ሕንፃ ሁለት ሰገነት ነበረው፤ የግራው "እ"፣ የቀኙ "ዓ"። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በዚያው ፊልም የዘበኛ ልብስ ለብሶ ይሠራ ነበር። ሲሠራም ሲሄድም ስለሚያፏጭ "ፉጨት" ነበር የሚሉት። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ቀራጮቹ ሁሉ ርቀው ካሜራው ጋ ሳሉ፣ ፉጨት ከዳይሬክተሩ ጋር ሕንፃው ሥር ቆሞ ታየ፤ ከዚያ የቀኙ ሰገነት ላይ ወጥቶ ታየ፤ ከዚያ አልታየም። ሐኪም ቤት ሦስት ሰዓት ይርቃል። በዚሁ መንገድ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ ራሱን በወንድሙ ጭን ላይ እንዳደረገ ሞተ።

ዳይሬክተሩ ለዳኛው እንዲህ አለ፦ "ምልክት የሚባል ነገር ሰምቼም አይቼም አላውቅም። አናጺው ጠንካራ ነው፣ ይወጣበታል ብሎኛል።" የተሰበረው ወለል ይምጣ ሲባል የት እንደገባ ጠፋ። ሌሎቹ አናጺዎች የሚቀጥለው ፊልም ላይ መቀጠር ይፈልጉ ነበርና ምላሳቸውን ዋጡ። ሚስማር ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲወጣ በር እንኳ የሚያሠራው ሰው አጣ።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የእናቱን ነው። አሮጊቷ አላባረረችውም፤ አብራው ትኖራለች፤ ቤት ሲገባ አትቆጣውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዴም "ልጄ" ብላው አታውቅም። "አናጺው መጣ?" ትላለች። "አናጺው በሩን ይዝጋልኝ።" የአናጺነት ማዕረጉ ከእሷ አፍ በቀር የትም አልቀረለትም። አሁን ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙ ከወራት በላይ ተስፋ አልሰጣትም። በልጇ እጅ ሥራ ልጇ እንደሞተባት እያመነች ልትሞት ነው። ክፋቱ ደግሞ እሱ ራሱም አንዳንዴ መጠራጠር ጀምሯል፦ ምናልባት ያን ቀን ምልክቱን ረስቼው ይሆን? ምናልባት በ"ዓ" ፋንታ "እ" ተኩሼ ይሆን? ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ገዳይ ሲባል ከርሞ ራሱን ባይጠረጥር ነው የሚገርመው።

ሐይቁ ጋ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ውኃው አረንጓዴ፣ ዳርቻው ነጭ ጨው፤ ዛፍም ወፍም የለም። ከጨው ሜዳው መሀል ከተማው ቆሟል፤ ማለትም የከተማው ፊቱ። ከፊት ሲያዩት ፖስታ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል፤ ዞር ሲሉበት ጀርባ የለውም፤ በእንጨት ድጋፍ የቆመ ልባጥ ብቻ። ቀለሙ ተልጦ፣ ግድግዳው ጎብጦ፣ አንድ መስኮት ላይ የተሣለ መጋረጃ ብቻ ሳይደበዝዝ ቀርቷል። በትልቅነቱ የሚያስፈራ የድንጋይ ምሰሶ ከነፋሱ ጋር ሜዳው ላይ ይንከባለላል፤ ስፖንጅ ነው፣ ሕፃን ያነሳዋል። ሚስማር እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያውቀዋል። ሌሎቹ ዕቃ ሲያወርዱ ወደ ገዢው ቤት ሄደ። የቀኙ ሰገነት በነበረበት ቦታ የቀሩት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ከሥሩ ያለውን ጨው በጫማው ጫረ፤ ስባሪ ጣውላ፣ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ፣ ማንኛውንም ነገር ፈለገ። ምንም የለም።

ዳይሬክተሩ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ እዚያው ፍርስራሽ መሀል ፎቶ ይነሳል። አንገትጌው ላይ ማይክ ተሰክቶለታል። በግራ በኩል ሳይወድቅ የቀረውን ሰገነት ቀና ብሎ አየና "እዚያ ላይ ቆሜ ነው የምናገረው" አለ። "አንቺ ወደ ሐይቁ ርቀሽ ሕንፃውን በሙሉ አስገቢልኝ። ሾፌር፣ መሰላል አምጣ።"

ካሜራ ቀራጯ መቶ እርምጃ ያህል ርቃ ካሜራዋን ተከለችና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሚስማር መሰላሉን አስደግፎ ያዘ። የሰገነቱ ጣውላ አሥራ ሁለት ዓመት ጨውና ፀሐይ ሲበላው እንደከረመ ከማንም በላይ ያውቃል። ዝም አለ። በመንገዱ ሁሉ፣ በየገደሉ ኩርባ፣ መሪውን ትንሽ ቢጠመዝዝ ምን እንደሚሆን ሲያስብ የመጣ ሰው ለአንድ ጣውላ አፉን አይከፍትም።

ዳይሬክተሩ አራት ደረጃ ወጣ። ከዚያ ቆመ። አንገቱን ሰብሮ ከወለሉ ሥር፣ በስተግራ ያለውን ጥግ አየ። አቧራውን እፍ አለው፤ በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው።

"እ ነው" አለ ለራሱ። "ለእግር ነው።" ከዚያም ተረጋግቶ ወጣ።

ሚስማር ጆሮውን አላመነም። ሰውየው እንዲያይ ማንም አልነገረው፤ የት እንደሚያይም ማንም አላሳየው። ሰምቼም አይቼም አላውቅም ያለ ሰው፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ለገዛ ነፍሱ ሲሆን ጎንበስ ብሎ ፊደሉን አነበበ። ሚስማር መሰላሉን አንስቶ ጨው ላይ አጋደመው።

"ምን እየሠራህ ነው? መሰላሉን መልስ።"

"ከመውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው ምን አዩ?"

"ምን?"

"በስተግራ፣ ጥጉ ላይ። ምን አዩ?"

ዳይሬክተሩ ቁልቁል አየው። በዚያ ቀን የሾፌሩን ፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ቁጣ ነበር ፊቱ ላይ፤ ከዚያ ቁጣው ቀስ እያለ ጠፋ። "ሚስማር" አለ።

"ለዳኛው ሰምቼም አላውቅም ብለሃል።" አንቱታው እዚያው መሰላሉ ጋ ቀርቷል።

"አንተ የእንጨት ሽበት፣ አብደሃል እንዴ?" ዳይሬክተሩ ወደ ጠርዙ አንድ እርምጃ ሄደ። ከእግሩ ሥር ወለሉ ቀጭ አለ፤ የጣውላ ስባሪ ወርዶ ጨው ላይ ወደቀ።

"ባለህበት ቁም" አለ ሚስማር። "ያነበብከው ፊደል ትክክል ነው፤ እኔ ነኝ የተኮስኩት። ያኔ ለእግር ነበር። አሁን ለዓይን ሆኗል።"

ዳይሬክተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ሐይቁ ዞሮ ካሜራ ቀራጯን ጠራ፤ ደግሞ ጠራ። አልተንቀሳቀሰችም። አንድ እጇን ማዳመጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ካሜራው ላይ እንደተከለች ቀረች።

"እባክዎ" አለ ዳይሬክተሩ። አሁን አንቱታው ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። "እባክዎ፣ ወንድሜ..."

"ወንድሜ አትበል። እዚህ ቦታ ላይ ቆመህ ወንድሜ አትበል። ያን ቀን ምን እንዳልከው ንገረኝ፤ ከዚያ መሰላሉን አስባለሁ።"

ጣውላው ደግሞ ቀጭ አለ።

"ነግሮኛል" አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁ የሽማግሌ ሆነ። "ጎንበስ ብሎ አየና 'ዓ ነው፣ ወንድሜ ለዓይን ብቻ ነው ብሏል' አለኝ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ብርሃኑ ያለው በቀኙ በኩል ብቻ ነው። 'ወንድምህ ፈሪ ነው፣ አንድ ደቂቃ ነው' አልኩት። ወጣ።"

"ወለሉስ?"

"ሻይ የሚፈላበት እሳት ውስጥ ከተትኩት። እኔው ራሴ።"

ሚስማር ይህን ቀን ሲያስብ አንጀቱ የሚርስ ይመስለው ነበር። አልራሰም። ፉጨት ጎንበስ ብሏል። ያስተማረውን አልረሳም፤ አይቷል፣ አንብቧል፣ ተናግሯል፤ ከዚያ ወንድምህ ፈሪ ነው ሲባል ወንድሙ እንዳይሰደብ ወጥቷል። ሚስማር ኪሱን ዳሰሰ። የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። መሰላሉን ጭኖ ቢሄድስ? ይህ ሰው እንዲሞት ፈለገ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እዚያው ጨው ላይ ወድቆ፣ ሦስት ሰዓት በሚርቀው ሐኪም ቤት መንገድ ላይ፣ ራሱን የሚያስደግፍበት ጭን ሳያገኝ እንዲሞት ፈለገ።

ያስቆመው ርኅራኄ አይደለም። ሰውየው ቢወድቅ የሚወድቀው ከሚስማር ሰገነት ላይ ነው። ሁለተኛ ሬሳ ከአንድ እጅ ሥራ ሥር ይነሳል፤ እናቱም እስክትሞት "አናጺው" ትለዋለች።

"ሚስማሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ይታይሃል?" አለው። "ከሥራቸው አግዳሚ አለ። እሱ አልበሰበሰም። መስመሩን ይዘህ ተንበርክከህ ና።"

ለእግር በተሠራው ወለል ላይ ታላቁ ዳይሬክተር በአራት እግሩ ሄደበት። የሱሪውን ርጥበት ብንናገር ነውር ይሆናል እንጂ ርጥብ ነበር። ሚስማር መሰላሉን አስደገፈለት።

መሬት ሲረግጥ ግን ያው ሰውየው ሆነ። ጉልበቱን አራገፈና "በማስፈራራት የወጣ ቃል ዋጋ የለውም" አለ። "የትኛውም ዳኛ አይቀበለውም። የምትከሰሰው አንተ ነህ።"

ካሜራ ቀራጯ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ እያወረደች ደርሳለች። ቀኑን ሙሉ ከሁለት ቃል በላይ አልተናገረችም ነበር።

"መሰላሉ ላይ ቆመው እ ነው፣ ለእግር ነው ሲሉ ማንም አላስፈራራዎትም" አለችው። "ያንንም ቀርጬዋለሁ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዳይሬክተሩ በመልሱ መንገድ ስለ መስኮቱም ስለ ወገቡም ምንም አላለም። ሴትየዋ ከፊት ወንበር ላይ ድምፁን ወደ ሚስማር ስልክ ስታስተላልፍ፣ ዳይሬክተሩ ከኋላ በመስተዋቱ ያያት ነበር።

ሚስማር በማግስቱ ጠዋት እናቱን አልጋዋ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኛት። "አናጺው ሥራ የለውም እንዴ ዛሬ?" አለች። ስልኩን ትራሷ ላይ አድርጎ ከፈተላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። "ድገመው" አለች። ደገመው።

እጇ ብርድ ልብሱን ይዳብሳል።

"ጎንበስ ብሎ ነበር?"

"ጎንበስ ብሎ ነበር፣ እማ። አንብቧል።"

"እሺ" አለች። "ሰውየውስ? አወረድከው?"

"አወረድኩት።"

አሮጊቷ ስልኩን አንስታ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥቁር ሆኖ የጠፋውን መስታወት ረጅም ጊዜ አየችው።

"አይ ልጄ" አለች፣ "እኔ ብሆን አላወርደውም ነበር።"