ንፋስ የመታው ካርድ

ኮምፒዩተሩ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ እዚያችው ኬክ ላይ ሲደርስ ነው የሚጠፋው። ቪዲዮ አቀናባሪው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ፊልሙ ተቀናብሮ አልቋል፤ የቀረው ማሽኑ አንድ ወጥ አድርጎ እንዲያወጣው ብቻ ነው። ሙሽራዋ ደግሞ ፊልሙን ልታሳይ ለማታ ዘመድ አዝማዱን ጠርታለች።

"ወጣልህ?" አለችው በስልክ።

"ኬኩ ጋ ደርሷል።"

"ጠዋትም ኬኩ ጋ ነው ያልከኝ! ስማ፣ ዛሬ ካልደረሰልኝ ለሚያገባ ሰው ሁሉ እየዞርኩ ነው ስምህን የማጠፋው!"

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ምስሉን የሚያወጣው የግራፊክስ ካርዱ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ማሽኑ እንዳይቃጠል ብሎ ይጠፋል። አቀናባሪው ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ።

"ዝጋው ልጄ" አሉ አማቱ፣ ሹራብ ከሚሠሩበት ቀና ብለው። "ንፋስ መትቶት እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ትናንትም ከፍተህበት ስትወጣ እኔ ነኝ የዘጋሁለት።"

"እማማ፣ ይሄ ዕቃ ንፋስ ነው የሚፈልገው!"

"ደግሞ ንፋስ የሚፈልግ በሽተኛ የት አለ?"

የኮምፒዩተሩን ሳጥን ጎን ፈትቶ ጡብ የሚያክለውን ካርድ አውጥቶ አሳያቸው። "ሥራውን ሁሉ የምትሠራው መሀል ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ ናት። ሙቀቷን እነዚህ የመዳብ ቱቦዎች ይወስዱና ለስስ ቆርቆሮዎቹ ያከፋፍላሉ። ሦስቱ ማራገቢያዎች ደግሞ በቆርቆሮዎቹ መሀል አየር ያሳልፋሉ።"

"ለአንዲት ሚጢጢ ይሄ ሁሉ አሽከር!" አሉ አማቱ። "ደልቷታል።"

ቆርቆሮዎቹን በጣቱ ሊያሳያቸው ሲል ግን አጣቸው። በመሀላቸው ውሃ ሰማያዊ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጠቅጥቋል። አቀናባሪው ካርዱን አየ፣ የአማቱን ጭን አየ። ሹራቡ ውሃ ሰማያዊ ነው። የክር ቅርጫቱ ሳጥኑ አየር ከሚስብበት ከፊት በኩል ተቀምጧል፤ የአማቱ ጉልበት ደግሞ ከኋላው።

"እማማ፣ ለመሆኑ ለምንድን ነው እዚህ የሚቀመጡት?"

አማቱ ሹራባቸው ላይ አቀረቀሩ። "አንተ ስትሠራ ከኋላው ሙቀት ይመጣል። ይሄ ጉልበቴ በቅባቱም አልተሻለው፣ በክኒኑም።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ሹራቡ በእሱ ልክ እንደሚሠራ ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። የሚስቱን የቅንድብ መንቀያና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አምጥቶ ብናኙን ለቀመው። ካርዱን መልሶ ገጠመና መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተ። አማቱ ወንበራቸውን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዛወሩ። ኬኩ ተቆረሰ፣ ጭፈራው አለፈ፣ ፊልሙ አለቀ።

"ድሮም እኮ እተማመንብህ ነበር!" አለች ሙሽራዋ ፊልሙ ሲደርሳት።

ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ክፍሉ በአንዴ ቀዘቀዘ። አማቱ ብርድ ልብስ ደርበው ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

"በቃ አለቀ አይደል?" አሉ። "እንግዲህ ይረፍ፣ ደክሞታል።"

አቀናባሪው አያቸው። ቅርጫቱን አንስቶ ራቅ አድርጎ አልጋው ላይ አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ ሳጥኑ ኋላ መለሰው።

"ይምጡ እማማ፣ ገና ነው። አንድ የቀረ አለ።"

እሳቸው ተደላድለው እስኪቀመጡ ጠበቀና ያለቀውን ፊልም ከመጀመሪያው እንደገና እንዲያወጣ ማሽኑን አዘዘው።